በአንድ ጎማ ላይ ሁለት እጅ

አንዳርጌ ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ ማዶ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሞቶ ጨርቅ ተሸፍኖ ተጋድሟል። የሞተር ሳይክሉ የፊት ጎማ በድንገት ድርቅ ብሎ አሽቀንጥሮት ነበር።

«የጎማውን ኩሽኔታ ትናንት ቤቱ ራሱ ቀይሮ ነው፤ አበላሽቶታል» አለ ትራፊክ ፖሊሱ።

መርማሪ ውቢት ግን አልተቀበለችውም። ሟቹ ትናንት ማለዳ ደውሎ፣ «ኦሺዮት ሰፈር አሮጊቷን ገጭቶ ገድሎ ያመለጠውን አውቀዋለሁ። ነገ ጠዋት መጥቼ እነግርሻለሁ» ብሏት ነበር። ስም አልጠራም።

ሻዓራይም ሰፈር፣ ሟቹ ቤት ስትደርስ ሚስቱ ማሚቱ ደረጃው ላይ ኩርምት ብላለች። ታናሽ ወንድሙ ተዘራ አጠገቧ ቆሟል።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ። ሲሠራ አይተሽዋል?»

«ትናንት ጠዋት አንደኛውን ኩሽኔታ ገጠመ። ሁለተኛውን በቀላሉ እንዲገባለት ብርዱ ያኮማትረው ብሎ ፍሪዘር ውስጥ ተወው። ቤቱን ቆልፈን እኩለ ቀን ላይ ወደ ሥራ ወጣን። ስመለስ ጎማው ተገጥሞ አየሁት፤ ቀድሞኝ ገብቶ የጨረሰው መሰለኝ።»

«ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«እኛና ተዘራ ጋ።»

ተዘራ ጣልቃ ገባ። «ምን ይመረመራል? መሃል የሚገባውን ቱቦ ረስቶ ነው!»

ውቢት ቃሉን ጻፈችው።

በሞተሩ ጩኸት ከአንዳርጌ ጋር ዓመት ሙሉ የተጣሉት የመናዊው ጎረቤት ሞሼ አልሸሸጉም። «አልወደውም ነበር። ትናንት ጠዋት መዶሻው በልኩ ድም ድም ይል ነበር። ከምሳ በኋላ ግን ብረት በብረት እየጮኸ ጆሮዬን በጠሰው» አሉ።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ጎማው ፖሊስ ጋራዥ ተፈታ። ውቢት ወዲያው ተመልሳ ሦስቱን ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የግራው ኩሽኔታ አንድ ጭረት የለበትም። አንዳርጌ የውጭ ቀለበቱን ብቻ እየመታ አስገብቶታል። የቀኙ ግን የውስጥ ቀለበቱ በመዶሻ ተቀጥቅጧል። የሌላ ሰው እጅ ነው። ሞሼ ያንን ጩኸት የሰሙት ባልና ሚስቱ ሥራ ላይ ሳሉ ነው። ኩሽኔታው የነበረው የተቆለፈ ቤት ውስጥ፣ ፍሪዘር ውስጥ ነው፤ ሞሼ ደግሞ ቁልፍ የላቸውም።»

ከዚያ ወደ ተዘራ ዞረች።

«ሁለቱን ኩሽኔታ የሚያራርቀው ቱቦ የለም። ያለ እሱ ጎማው ሲጠብቅ ኩሽኔታዎቹ ይጨፈለቃሉ፤ እየጋሉ ሄደው ጎማውን ነክሰው ያቆሙታል። ይህን ያወቅነው አሁን፣ ጎማው ሲፈታ ነው። አንተ ግን ጠዋት ነገርከኝ። ተዘራ፣ አሮጊቷን የገጨኸው አንተ ነህ። ወንድምህም ሊናገር እንደሆነ አውቀሃል።»

ተዘራ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሊናገር እንደሆነ ትናንት ፊት ለፊት ነገረኝ» አለ። «ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደወለልኝ። ‹እጅህ ይባረክ፣ ጎማውን ጨርሰህልኛል። አብረን ሄደን ራስህ ብትናገር ይሻልሃል፤ መጥቼ ልውሰድህ?› አለኝ።»

ማሚቱ ቀና አለች። «ምን አልከው?»

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ቀድመህ ሂድ፣ እደርስብሃለሁ አልኩት።»