የግንቡ መተንፈሻ

«ግንበኛው የት ሄዶ ነው?» አለ ሰውየው፣ የመሣሪያ ሳጥኑን መሬት ላይ እያስቀመጠ።

በጓሮው ጥግ ተንበርክካ ድንጋይ የምታስተካክለው ልጅ ቀና እንኳን አላለችም። ማንካዋ ላይ የቀረውን ሲሚንቶ ጠረገችና «ፊት ለፊትህ ነው» አለችው።

ሰውየው ክው አለ። ሳጥኑን መልሶ አነሣ፤ ወዲያው ደግሞ አስቀመጠው። ሁኔታውን ስታይ ሳቋ አመለጣት። እንዲህ ነው የተዋወቁት።

እሱ የጋዝ ገጣሚ ነው። የመጣው በአክስቷ ጓሮ ውስጥ በሚሠራው የድንጋይ ግንብ ላይ አዲስ የጋዝ ግሪል ሊገጥም ነበር። ግሪሉ ግንቡ አናት ላይ በተተወለት ክፍት ቦታ ገብቶ የሚቀመጥ ነው፤ ከሥሩ ባለው ባለበር ክፍል ደግሞ ሲሊንደሩ ይቆማል። አክስቷ ዘመድ አዝማድ ጓሯቸው ካልሞላ የበሉት የማይጥማቸው ሴት ናቸውና ለመጪው እሑድ ሁሉንም ጠርተዋል።

ገጣሚው ግንቡን ዞሮ ዞሮ አየው። በመዳፉም ዳበሰው። በድንጋዮቹ መሀል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት የለም።

«ሲያምር!» አለ ከልቡ። «ግን እንደዚህ ሆኖ አልገጥምም።»

«ምን አገኘህበት?»

«አይተነፍስም።»

«ግንብ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መተንፈስ የጀመረው?»

ቀልዷን ሰምቶ ፈገግ አለ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ ወደ ግንቡ ሥር አመለከታት። «የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ድንገት ቢያፈተልክ ወደ ላይ አይሄድም፤ ታች ወርዶ ይተኛል። መውጫ ካጣ እዚህ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ እሳት ይለኩሳል...» ቀሪውን ዋጠው። «ታች፣ በግራና በቀኝ፣ አንዳንድ ቀዳዳ ይፈልጋል።»

«የአባቴን ግንብ ልብሳልህ?»

«ለኔ አይደለም። እዚህ ጋ ቆሞ ለሚያበስለው ሰው ነው።»

ማንካዋን አንሥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የዚህ ግንብ ነገር እሱ እንደሚያስበው ቀላል አልነበረም።

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ያቀፉ ሰው ናቸው። የሳቸውን ግንብ ሰው የሚለየው በመጋጠሚያው ነው፤ ክፍተት ያለበት ግንብ ዓይናቸውን አይሞላም ነበር። አሁን ግን ያ ዓይን ከድቷቸዋል። መጀመሪያ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፣ በኋላም የቱንቢው ክር ጠፋባቸው። ይህን የሚያውቁት እሳቸውና ልጃቸው ብቻ ናቸው። ማለዳ፣ ሰው ሳይነሣ፣ በሳቸውና በእህታቸው፣ በአክስቷ፣ ጓሮ መሀል ባለችው በር ይመጡና ድንጋዩን በጣታቸው እያነበቡ ይገነባሉ። ቀጥ ማለቱን በቱንቢና በውሃ ልክ የምታረጋግጠው እሷ ናት። ሰው መንቀሳቀስ ሲጀምር ሹልክ ብለው ይመለሳሉ።

«ይቺን ብቻ በስሜ ልጨርስ፤ ከዚያ በገዛ አፌ እናገራለሁ» ብለዋት ነበር። «እስከዚያ አንቺም አፍሽን ያዢልኝ።»

ቃሏን ሰጥታቸዋለች። አባቷ በሰው ፊት ሲደናበሩ ከማየት የበለጠ የሚያስፈራት ነገር አልነበረም።

ሆኖም ገጣሚው የተናገረው ከጆሮዋ አልወጣ አለ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መሮዋን ይዛ ከግንቡ ሥር በግራና በቀኝ አንዳንድ ድንጋይ አወጣች። እሱ መጥቶ ሲያይ ፊቱ በራ።

«አመሰግናለሁ።»

«ለኔ አይደለም ብለህ የለም እንዴ? ለምን ታመሰግነኛለህ?»

ከዚያ በኋላ ሰውየው ሰበብ አያልቅበትም። አንድ ቀን የጋዙ ጎማ እንዳይታጠፍና ትኩስ ነገር እንዳይነካ መንገዱን ሊለካ መጣ። ሌላ ቀን ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ የሚቆምበትን ወለል ሊያይ መጣ። አንዴ ደግሞ ምን ሊሠራ እንደመጣ እሱም ጠፍቶት፣ ድንጋይ ሲያቀብላት ዋለ።

አክስቷ ይህን ሁሉ በመስኮት እያዩ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ምክንያት ሲያገኙም ይወጣሉ።

«አንተ ልጅ፣ ከላዩ ሸራ ብጤ ወጥርልኝ እንጂ። ጠሐይ አናቴን ሊበሳው ነው።»

«እትዬ፣ ሸራ ከወጠርኩልዎ ከጠሐዩ በፊት እሳቱ ይበሳዎታል። ከግሪል በላይ የሚነድ ነገር አይሰቀልም።»

«እሺ ከጎኑ የእንጨት መደርደሪያ?»

«እሱንም ራቅ አድርገን።»

«ምኑን ነው ታዲያ የምትፈቅደው አንተ?»

«ባርኔጣ» አለ ገጣሚው። ግንበኛዋ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዞረች።

አክስቷ ሲገቡ ጠብቃ «ለምንድን ነው ይህን ያህል የምትፈራው?» አለችው።

 በእጁ የያዘውን የብሎን መፍቻ አገላበጠው። «እናቴ ናት» አለ በመጨረሻ። «የግሪሉ ክዳን እንደተዘጋ ጋዙን ከፍታ ክብሪት ፍለጋ ገባች። ተመልሳ ስትጭር ውስጡ የታፈነው ሁሉ ባንዴ ነደደ። ተርፋለች፣ እግዜር ይመስገን። ፊቷ ላይ ያለውን ጠባሳ ግን እስከዛሬ በነጠላዋ ትሸፍናለች። የገጠመላት ሰው ክዳን ከፍታችሁ ለኩሱ ብሎ አልነገራትም፤ ቢዘጋስ ብላ ስትጠይቀውም ‹ምንም አይልም› ነበር መልሱ። እኔ ያቺን ‹ምንም አይልም› የምትባል ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል።»

 እጇ ሲሚንቶ እንደነካ፣ ሳታስበው፣ ክንዱን ያዘችው። ሁለቱም ወደ እጇ አዩ። ሁለቱም አላነሡትም።

«ቀዳዳዎቹን ማንም አይነካብህም» አለችው። «ቃሌ ነው።»

እዚህ ላይ ነው ስሕተቷ። ይህን ለአባቷ መንገር ነበረባት። ማታ ማታ ራት ላይ ልትነግራቸው አፏን ትከፍታለች፤ ነገር ግን ስለ ቀዳዳዎቹ ማውራት ስለ ሰውየው ማውራት ይሆንባታል። ስለሱ ካወራች ደግሞ ድምፅዋ እንደሚያሳብቅባት ታውቃለች፤ አባቷ ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው መርፌ ስትወድቅ ይሰማል። ነገ እነግራቸዋለሁ ትልና ትተወዋለች።

ቅዳሜ ገጣሚው ሁሉን አገናኘ። ሳሙና የተበጠበጠበት ጎድጓዳ ሳህንና ብሩሽ አወጣ፤ ሲሊንደሩን ከፍቶም መገናኛዎቹን አንድ በአንድ ቀባ።

«ልታጥበው ነው ልትገጥመው?»

«አረፋ የሚነፋበት ቦታ ካለ ጋዝ ያፈተልካል ማለት ነው። ተጠግተሽ እይልኝ።»

ተጠግታ አየች። አረፋ አልነበረም። ጉንጯ ትከሻውን ሊነካ ግን ለጥቂት ነበር።

ሲሊንደሩን መልሶ ዘጋና በቀዳዳዎቹ አናት ላይ በጠመኔ ጻፈ፦ «የአየር መተላለፊያ። እንዳይዘጋ።» «ነገ የሽቦ መረብ ይዤ መጥቼ እከድንላቸዋለሁ፤ አይጥ እንዳይገባ» አላት። ከዚያ ሳጥኑን አንሥቶ ቆመ። «ነገ እሳቱ ሲበራ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ።»

«ዛሬ ብትጠይቀኝስ?»

«መጀመሪያ እሳቱ።»

እሑድ ጓሮው በሰው ተሞላ። አክስቷ አዲስ ባርኔጣ አድርገው እንደ ሙሽራ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አባቷ ከግንቡ ፊት ለፊት ወንበር ተሰጥቷቸው፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሥራቸውን ሲያደንቅላቸው አገጫቸውን ከፍ አድርገው ይሰማሉ። ገጣሚው ሁለቱን መረቦች ይዞ ደረሰና ከግንቡ ሥር ቁጢጥ አለ።

ከዚያ አልተነሣም።

ልጅቷ ወደሱ ሄደች። ቀረብ ብላ ስታይ ቀዳዳዎቹ የሉም። በጠመኔ ከተጻፈው ሥር ሁለት ድንጋዮች ቁጭ ብለዋል፤ ተጠርበው፣ ተለክተው፣ ምላጭ በማያስገባ መጋጠሚያ ተገጥመው። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው። የማን እጅ እንደሆነ ለመለየት ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም።

«ማነው የዘጋው?» አለ ገጣሚው ተነሥቶ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «‹እንዳይዘጋ› ተብሎ ተጽፏል። ዓይን ያለው ሰው እንዴት ከጽሑፉ ሥር ይዘጋል?»

 ልጅቷ ወደ አባቷ አየች። እውነቱን ብትናገር ቀጣዩ ጥያቄ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ይህ ሁሉ ዘመድ ባንዴ ዞሮ የአባቷን ዓይን ሲመረምር ታያት።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ?»

«አዎ። ሳየው አስጠላኝ። ዘጋሁት።»

እንዲህ ብላ አንገቷን ደፋች።  ስለ እናቱ የነገራት ሁሉ በመሀላቸው ቆሞ የሚያይ መሰላት።

«ለአንድ ቀን ምንም አይልም፤ በቃ አቀጣጥለው» አሉ አክስቷ፣ እንግዶቻቸውን እየቃኙ።

ገጣሚው ያቺን ቃል ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ፣ እኔ ይህን አላቀጣጥልም። ሌላም ሰው እንዲያቀጣጥለው አልፈቅድም።» የሲሊንደሩን ክፍል በር ከፍቶ ጎማውን ፈታው፤ መረቦቹንም ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ጣላቸው። እሷን ሳያይ ወደ በሩ መሄድ ጀመረ።  ጥራው ጥራው አሰኛት፤ ግን ምን ብላ ትጥራው?

«አንተ ልጅ፣ ቁም!»

አባቷ ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ። የልጄን እጅ እዚህ ውስጥ አታስገባው።»

«አባዬ...»

«ዝም በይ አንቺ። በቃኝ።» ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ፤ ያዩት ግን ሰው የሌለበትን አቅጣጫ ነበር። «ጽሑፍ አለ ነው የምትሉኝ? እኔ ጽሑፉን አላየሁም። እናንተንም አላያችሁም። ይህን ግንብ የሠራሁት በጣቴ ነው። ሰሞኑን እጄ አናቱ ላይ ነበር፤ ዛሬ ማለዳ ልጄ ሳትነሣ ሥሩን ስዳብሰው ሁለት ድንጋይ ጎድሎ አገኘሁ። ልጄ ሰሞኑን እየዘፈነች ነው የምትገባው የምትወጣው፤ ልቧ ሌላ ጋ ስለሆነ ረስታው ነው አልኩ። በሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ቶሎ ደፈንኩላት።»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እሷ የእሳቸውን ስትሸፍን፣ እሳቸው የእሷን ሲሸፍኑ ኖረዋል። ያለቀሰችው ከሐዘን ይሁን ከፍቅር እሷም አለየችውም።

«ወንድም ጋሼ!» አሉ አክስቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «ለኔ እንኳ አትነግረኝም?» እንባቸው ቀደማቸው።

ገጣሚው ከበሩ ተመልሶ መጥቶ አባቷ ፊት ቆመ። «አባባ፣ ‹ዓይን ያለው ሰው› ብያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ዓይንስ ነበረኝ፤ ደክሞ ነው። ይልቅ መሮ አቀብሉኝ። የዘጋሁትን እኔው ልክፈት።»

መሮውን ልጃቸው ሰጠቻቸው። ተንበርክከው በጣታቸው መጋጠሚያውን አገኙ፤ ቀስ ብለው መቱ። ሲሚንቶው ገና አልጠበቀምና የመጀመሪያው ድንጋይ ወጣ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። ገጣሚው እጃቸውን ይዞ ቀዳዳው አፍ ላይ አኖረላቸው። «ጋዝ ካመለጠ በዚህ በኩል ነው የሚወጣው። የአየር መንገድ ነው፣ አባባ። የጎደለ ሥራ አይደለም።»

«ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው የለም» አሉ አባቷ፤ ከንፈራቸው ላይ ግን ፈገግታ ነበር። ልጃቸው እስከ ጆሮዋ ቀላች።

ገጣሚው አልቸኮለም። እንግዶቹ ቢራቡም መረቦቹን ገጠመ፣ ጎማውን መልሶ አሰረ፣ ሳሙናውን እንደገና በጠበጠ። የግሪሉን ክዳን ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ከዚያ ሲሊንደሩን፣ ከዚያ የምድጃውን ቁልፍ። ፏ ብሎ ሰማያዊ ነበልባል ተነሣ። አባቷ ሙቀቱ ፊታቸውን ሲነካው «በራ» አሉ፣ ማንም ሳይነግራቸው።

ሰው በልቶ ሲበተን ገጣሚው ሲሊንደሩን ዘጋ። ግንበኛዋ ከጎኑ ሆና የግንቡን አናት ትወለውላለች።

«ለምን ዋሸሽኝ?» አላት።

«አባቴ ነዋ። አንተስ ለምን አመንከኝ? እኔ እንደዚያ የማደርግ ሰው እመስላለሁ?»

«አትመስዪም። ግን አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።» ሳቅ አላለም። «አንቺ ያልሽኝን ሁሉ አምናለሁ፤ ስለዚህ ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ።»

መወልወሏን ተወች። «አልዋሽህም» አለች። ቀጥላም፣ «እሳቱ በርቷል። ጥያቄህስ?»

ጠየቃት። መልሷን ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረበት፤ እሱም ቅር አላለውም።

አክስቷ ወንድማቸውን ሐኪም ቤት ይዘዋቸው ሄዱ። የሄደው ብርሃን አልተመለሰም፤ የቀረው ግን ተረፈ። ከሠርጉ በኋላ ሙሽሮቹ በተከራዩት ቤት ጓሮ ልጅቷ በገዛ እጇ አንዲት ትንሽ ግንብ ሠራች፤ ባሏም ግሪል ገጠመባት። አባቷ ሊጠይቋቸው በመጡ ቀን፣ ወንበር ሳይቀበሉ፣ በበትራቸው መንገዱን እየፈለጉ ወደ ጓሮው አለፉ።

ጎንበስ ብለው ግንቧን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ዳሰሷት። መጋጠሚያው ላይ «እም» አሉ። ከዚያ እጃቸው ወደ ሥሩ ወረደ፤ በግራ ፈለጉ፣ በቀኝ ፈለጉ፣ አገኙ። መዳፋቸውን ቀዳዳው አፍ ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩ። ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጠብቃሉ።

«ይተነፍሳል» አሉ አባቷ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወንበር የጠየቁት።