እጆቹ እርም የሆኑ ሰባኪ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፴፪ ዓ.ም.፣ በሐምሌ ብርድ፣ በኒውዚላንድ ሰሜን ባለው የማኦሪ መንደር ወንዙም ባሕሩም በጉም ተሸፍነው ሳለ፣ ሰባኪው ጆሳያ ፔንዋርደን ሚስቱን ታቢታን በገዛ እጁ አጥቦ ገነዛት፤ መቃብሯንም ራሱ ቆፍሮ ቀበራት። የመንደሩ ባላባት ቴ ዋራንጊ ሬሳ የሚይዙ ሰዎች ቢልክለት «የአሕዛብ ልማድ አልፈልግም» ብሎ መልሷቸው ነበር።

በዚያ አገር ሬሳ የነካ እጅ እርም ነው፤ የማኦሪዎቹ ካህን በወንዝ ውኃ እስኪፈታው ድረስ ምግብ አይነካም፤ የእጁም ባለቤት ከሰው ጋር አንድ እሳት አይሞቅም። ጆሳያ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ለዓመታት «እርም የምትሉት ከንቱ ነው» እያለ የሰበከ እርሱ ራሱ ነውና። ስለዚህ ወደ ወንዙ አልወርድም አለ፤ መንደሩም በልማዱ ጸና።

ከቀብሩ ወዲያ ደጁን የረገጠ ሰው ጠፋ። ፊደል የሚቆጥሩት ሕፃናትም መምጣት ተዉ፤ እሑድ ደወሉን ደውሎ ለባዶ አግዳሚ ሰበከ። ቢጠሉት ኖሮ በቀለለው፤ አልጠሉትም። ከሩቅ ቆመው ያለቅሱለታል፣ በዚያ እጁ ሲበላ ሲያዩም ዛሬ ነገ ይሞታል ብለው ይሰጉለታል፤ የሚጠጋው ግን የለም። ብቸኝነት እንዲህ አድርጎ ሰው ይበላል።

አንድ ጧት ፓሬሁያ መጣች፤ ታቢታን «ልጄ» ትላት የነበረች፣ አገጯን የተነቀሰች አሮጊት ናት። በቅርጫት በጉድጓድ የበሰለ ስኳር ድንች ይዛለች።

«እጅህን ወደ ኋላ አድርግና አፍህን ክፈት» አለችው።

«እማማ፣ እኔ እኮ ሕፃን አይደለሁም።»

«ሕፃንማ ብትሆን በተሻለ፤ ሕፃን እሺ ይላል። በዚህ እጅ በልተህ ብትሞትብኝ ለልጄ ምን ልበላት?»

«ይኸው ስበላ ሰነበትኩ፤ አልሞትኩም።»

«ይሄም መኖር ሆኖ? እስቲ ራስህን እየው።»

እጁን ወደ ኋላ አደረገ። አፉን ከፈተ፤ እርሷም በእንጨት ጫፍ እየወጋች አጎረሰችው። እያኘከ አለቀሰ፤ ከቀብሩ ወዲህ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አልነበረምና። በየቀኑ ትመጣ ጀመር፤ እርሱም ቃሌን ሳላጥፍ ሰው አገኘሁ ብሎ ተጽናና።

አንድ ቀን ቀረችበት። ሊፈልጋት ወጥቶ ከመንደሩ አጥር ውጭ በቅጠል ጎጆ ውስጥ ብቻዋን ስታስል አገኛት።

«ለምን ከልጆችዎ ቤት አይገቡም?» አላት።

«አንተን የሚያጎርስ ምን የሚሆን መሰለህ? እርምህ እኔም ላይ ነው፤ አንተ ሳትፈታ እኔም አልፈታም። የልጅ ልጄን ካቀፍኩ ሰነበትኩ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርህ ትከለክለኛለሃ፣ ሞኝ።»

ጆሳያ እጅግ አፈረ። ወደ ወንዙ ቢወርድ የዓመታት ስብከቱን ውኃ ይበላዋል፤ ባይወርድ አሮጊቷ ክረምቱን በሳል ታልቃለች። በማግሥቱ መንደሩ ሁሉ እያየ ከፓሬሁያ ጋር ውኃው ውስጥ ቆመ፤ ካህኑም ደግሞላቸው ከእርማቸው ፈታቸው።

«ቀዘቀዘህ እንዴ መምህር?» አለው ባላባቱ ከዳር ሆኖ።

«በጣም።»

«በክረምት ስታጠምቀን እኛ መቼ አጉረመረምን?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጆሳያም ሳቀ። ያን ዕለት ፓሬሁያ የልጅ ልጇን አቅፋ ከልጆቿ እሳት ዳር ተቀመጠች፤ ለእርሱም ቦታ ለቀቁለት፤ በእሑዱም የቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ሞላ።

ከዓመታት በኋላ ፓሬሁያም ሞታ፣ እርሱን የላከው የሚስዮን ማኅበር አለቆች ከሲድኒ መጡ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ቢያዩ «እርምን ከዚህ አገር የሻረ ጀግና» ብለው በማዕድ ላይ አወደሱት፤ የሚስዮኑ ታሪክም እርሱን በዚህ ነው የሚያስታውሰው። የአሮጊቷን ስም ያነሳ የለም። ጆሳያ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው፤ እውነቱን፣ በወንዙ በካህኑ መፈታቱን፣ ቢናገር ከዚያ መንደር ያነሱታል፤ ከዚያ መንደር በቀር ደግሞ ሰው አልነበረውም። ስለዚህ ምስጋናውን ተቀበለ።