የጠፋው የእንግሊዝኛ ፈተና

ፈተናዎች የሚቀመጡበት ቁም ሳጥን አልተሰበረም። በቁልፍ ተከፍቶ በቁልፍ ተዘግቷል። የጠፋው የፓስትና የፐርፌክት ቴንስ ማጠቃለያ ፈተና ብቻ ነው።

ቁልፉ ያለው ዘበኛው ዘንድ ነው። የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ባለቤት ምርመራውን እንኳ አልጠበቁም፤ ሽማግሌው ዘበኛ እስከ ማታ ግቢውን እንዲለቁ ነገሯቸው። በዚያ ዕድሜ ሌባ ተብሎ መባረር ከሞት አይሻልም።

ሊመረምር የመጣው የፖሊስ ሳጅን መጀመሪያ የጠረጠረው ከተማሪዎቹ አንዱን፣ ፀጉር አስተካካዩን ነበር። ትናንት ዝናቡ ሲወርድ ቁም ሳጥኑ ባለበት ኮሪደር ሲንጎራደድ ታይቷል።

«ምን ትሠራ ነበር?»

«ሳጠና።»

«ኮሪደር ላይ?»

«ቤት ውስጥ ብቻዬን እንግሊዝኛ ሳወራ፣ ሚስቴ አበደ ብላ ጎረቤት ጠራችብኝ።»

ሳጅኑ ሳቁን ውጦ አሰናበተው። ወደ ዘበኛው ሄደ።

«አባባ፣ ቁልፉን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ካፖርቴ ኪስ ውስጥ።»

«ትናንት ለማን ሰጡት?»

«ለማንም።»

«ካፖርቱንስ?»



«ለበረደው ሰው ሰጠሁት» አሉ ሽማግሌው። «ስም ግን አልጠራም። ሳላይ የሰው ስም አላጠፋም።»

ሳጅኑ አላስጨነቃቸውም። ይዟቸው ወደ ክፍል ገባ።

መምህሩ ትምህርት የሚጀምረው ተማሪዎቹ ትናንት የሠሩትን ተነሥተው በእንግሊዝኛ እንዲናገሩ በማድረግ ነው። ዛሬም እንደ ወትሮው እንዲያደርግ ሳጅኑ ጠየቀው። ጠዋት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲጠይቃቸው ሁሉም ሳይደናቀፉ መልሰውለት ነበር፤ በተለይ የመድኃኒት ቤት ሻጯ። ምላሷ ቅቤ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ውሸት የሚያስጌጡበት ቃል ገና አልተማሩም።

«ጊዜው ተጠርቶ ያለቀ ነገር ከሆነ ፓስት» ሲል መምህሩ አስታወሳቸው። «ጊዜው ሳይጠራ፣ ለዛሬ የተረፈ ነገር ካለው ፐርፌክት።»

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኞቹን ዘርዝሮ ተቀመጠ። ተራው የሻጯ ሆነ።

ትናንት ዝናብ ያዘኝ፣ አለች በእንግሊዝኛ። ዘበኛው ካፖርት ሰጡኝ።

እዚህ ላይ ተንተባተበች። ቀጥሎ የሚመጣው ውሸት በዚያ ቋንቋ አልመጣላትም።

ኪሱ ውስጥ ቁልፍ አገኘሁ። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። ለእናቴ ግን አልፌአለሁ ብያታለሁ።

«ትክክል» አለ መምህሩ ከልማድ የተነሣ። ወዲያው አፈረ።

እሷ ግን ቀለል አላት። በባዕድ ቋንቋ ሲናገሩት ጥፋቱ የሌላ ሰው ይመስላል። ልትቀመጥ ስትል እንግሊዝኛ የማያውቁት ዘበኛ ከበሩ አጠገብ ጠየቁ።

«ምን አለች?»

መምህሩ ጣሪያውን አየ፤ ፀጉር አስተካካዩ ጫማውን። ሳጅኑ ሊመልስላቸው ይችል ነበር። መልሱን ግን ለሻጯ ተወው።

ሻጯ እግሯን እየጎተተች ፊታቸው ሄዳ ቆመች። ያ ሁሉ ምላስ ደርቆባታል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አባባ፣ ፈተናውን የሰረቅኩት እኔ ነኝ። እርስዎን ሌባ ሲሉዎት እየሰማሁ ዝም አልኩ።»

ሳጅኑ የትምህርት ቤቱን ባለቤት ሊጠራ ወጣ። ሽማግሌው አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ከጠዋት ጀምሮ አውቄአለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ራሷ ትመጣለች ብዬ ስጠብቅሽ ዋልኩ።»