በአቶ ጥበቡ ስም የቀረው ፎልደር

አሰግድ ዓርብ ጠዋት ቢሮ ገብቶ እንደ ልማዱ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቀለ፣ ሻዩን አጠገቡ አስቀመጠና የሰርቨሩን የተጠቃሚዎች ዝርዝር ከፈተ። የትኛው ሠራተኛ የትኛውን ፎልደር እንደሚከፍት፣ ማን ማንበብ ብቻ እንደሚችል፣ ማን እንደሚጽፍ፣ ማን እንደሚሰርዝ የሚወስነው እሱ ነው። ለሰሚ ትልቅ ሥልጣን ይመስላል። በዚህ የውሃ ሥራዎች ዲዛይን ቢሮ ግን ፋይል አልከፈት ያለው ሰው ካልሆነ በቀር አሰግድን የሚያስታውሰው አልነበረም።

ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው። ስንት ደጅ የጠናበት ዝውውር ተፈቅዶለታል፤ ሚስቱ ሰናይትና ገና መዳህ የጀመረችው ልጁ ኤልዳና ሐዋሳ ይጠብቁታል፣ የነገ ጠዋት የአውቶቡስ ትኬትም ተቆርጧል። የቀረችው አንዲት ፊርማ ናት። ምድር ቤት ከሰርቨሩ ክፍል ጎን ያሉት የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ አስካለ ክሊራንሱ ላይ ከፈረሙለት አለቀ።

«አልፈርምም» አሉት፣ ያመጣላቸውን የርክክብ ዝርዝር እያገላበጡ። «ይኼ ፎልደር አሁንም በጥበቡ ስም ነው ያለው። በሰው ስም ያለ ንብረት አይፈረምም።»

«እትዬ አስካለ፣ አቶ ጥበቡ እኮ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው።»

«ታዲያስ? ሳያስረክብ ነዋ የሞተው! ሚስቱ ክሊራንስ ብላ ስትመጣም ይኼንኑ ነው የነገርኳት። መጀመሪያ በስምህ አድርገው፣ ከዚያ ለቢሮው ታስረክባለህ።»

አቶ ጥበቡ ከእሱ በፊት ሰርቨሩን ይዘው የነበሩት አለቃው ናቸው። ሚስታቸውንም ያስታውሳታል። ጥቁሯን እንደለበሰች ከፎቅ ፎቅ ስትንከራተት ከርማ፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ አይቷታል። አላናገራትም። በዚህ ቢሮ ሰው ሲንገላታ ማየት ነውር አይደለም፣ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ነው ነውሩ።

ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ከፎልደሩ ባለቤትነት ላይ የአቶ ጥበቡን ስም አነሳና የራሱን አስገባ። ገጹን መልሶ ሲከፍተው የአቶ ጥበቡ ስም ከእሱ ስም በላይ ተቀምጧል። እንደገና አጠፋው፤ እንደገና ተመለሰ። ሰርቨሩ ዘግይቶ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናናና በዚህ ሰዓት ማን ምን ከፍቶ እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ ተመለከተ። ፎልደሩ ተከፍቷል። የከፈተው ሰው ጥበቡ፣ የተከፈተበት ቦታ የምድር ቤቱ የሰርቨር ክፍል። የአቶ ጥበቡን አካውንት የዘጋው ራሱ አሰግድ ነበር፣ ከቀብር መልስ።

መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነው። በመጨረሻ ቀኑ የሚያሾፍበት ሰው ያለ መሰለው። የዓርብ ረጅሙ የምሳ ሰዓት ስለነበር ሕንፃው ጭር ብሏል፤ ወይዘሮ አስካለም ቆልፈው ወጥተዋል። የመግቢያ ካርዱን ይዞ ወረደ።

የሰርቨሩ ክፍል መስኮት የለውም። በሩ ከኋላው ሲዘጋ መብራቱ ጠፋና በባትሪ የሚሠሩት ማሽኖች ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ብቻ ቀሩ፤ ከማያቋርጠው የማራገቢያ ጉርምርምታ ሥር፣ ልብ ካላሉት የማይሰማ፣ አንዲትን ቁልፍ በትዕግሥት ደጋግሞ የሚጫን ጣት ድምፅ ነበር። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል፤ በቅዝቃዜው ውስጥ ደግሞ ቪክስ ይሸታል። አቶ ጥበቡ የዚህ ክፍል ብርድ ደረታቸው ገብቶ፣ ክረምት ከበጋ ግራጫ ሹራባቸውን ለብሰው ቪክስ ሲቀቡ ነበር የሚውሉት። አሰግድ ወደ ጥጉ ተራመደ። የቁልፉ ድምፅ ቆመ።

የጥጉ ኮምፒውተር በርቷል። ወንበሩን በእጁ ሲነካው መቀመጫው ሞቅ ያለ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጽፏል፤ ባለቤትነቱን መረከብ ይፈልጋሉ?

ፈርቶ ነበር፣ በጣም ፈርቶ ነበር። ግን ትኬቱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ኤልዳና በስልክ «ባባ» ማለት ጀምራለች። ዓይኑን ጨፍኖ አዎ የሚለውን ተጫነ።

ልክ ከማጅራቱ ኋላ አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሸክሙን ያወረደ ሰው እርምጃ ደረጃውን ቀስ እያለ ወጣ፤ ከላይ አዲሱ የጥበቃ ሠራተኛ «ደህና ይዋሉ አባቴ» ሲል ተሰማ።

አሰግድ ፎልደሩን ከፈተው። ውስጡ ምንም የለም። ለዚች ባዶ ነገር ነው አንዲትን ሴት እንደዚያ ያንከራተቷት ብሎ ሳቅም ልቅሶም ቃጣው፤ ተነስቶም ካርዱን በሩ ላይ አስጠጋ። ቀይ በራ። ደገመው፤ ቀይ። በሩን በቡጢ ደበደበ፣ ጮኸ፤ ድምፁ ለራሱም በቅጡ አልተሰማውም። ካርዱን ለማስተካከል ኮምፒውተሩ ጋ ተመልሶ ስሙን ፈለገ። ስሙ በዚያ ባዶ ፎልደር ላይ እንጂ በሌላ በምንም ላይ አልነበረም። ብርዱ ሲጠናበት ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ግራጫውን ሹራብ አንስቶ ለበሰና፣ ኮምፒውተሩ እሺ እስኪለው ድረስ፣ አንዲቱን ቁልፍ ደጋግሞ ይጫን ጀመር።

ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ሲሰማ ተስፋው መለስ አለ። ምሳ አልቋል፣ ወይዘሮ አስካለ ተመልሰዋል! ሊጠራቸው ግድግዳውን ተጠጋ።

«ሳያስረክብ ነው የሞተው፣ እኔ ምን ላድርግሽ» ይላሉ፣ በእርጅና በሻከረ ድምፅ። «በሰው ስም ያለ ንብረት አይፈረምም።»

«እባክዎ እትዬ» አለች ሰናይት ድክም ባለ ድምፅ፣ «ኤልዳና ነገ ትምህርት ቤት ፈተና አለባት፣ ዛሬውኑ ሐዋሳ መመለስ አለብኝ።»