ያልጮኸው ሳጥን

ሁለተኛው ዱላ ጋትደት ትከሻ ላይ ሲያርፍ ተመልካቹ አጨበጨበ። ቴአትር መስሎታል። ከመጋረጃው ጀርባ የነበረችው ኛፑዎት ግን ክው አለች። በልምምድ ጊዜ ዱላ ከዱላ ይጋጭ ነበር እንጂ ሰው አይነካም። ዱላውን የሚያሳርፈው ደግሞ የገዛ ወንድሟ ዳክ ነው።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ በዓል የተጋበዙ ባለሥልጣናት ከፊት ተደርድረዋል። ቴአትሩ በአንዲት ጀልባ ስለተጣሉ ሁለት የባሮ ዓሣ አጥማጆች ነው። በመጨረሻ ይጨባበጣሉ፤ ያኔ የኛፑዎት ሳጥን ይጮኻል። ሳጥኑን እሷና የፊዚክስ መምህሯ ረታ ከተበላሸ ሬዲዮ ዕቃ የሠሩት ነው። ሁለቱም ተዋንያን አንጓቸው ላይ የመዳብ አምባር ይታሰርላቸዋል፤ ረጅም ሽቦ በእጅጌያቸው አልፎ ሳጥኑ ድረስ ይሄዳል። ቆዳ ቆዳን ሲነካ ይጮኻል፣ በዱላ ቢደባደቡ ግን ዝም ነው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ፈጅቶባታል። የክፍሏ ልጆች «ኢንጂነሯ» እያሉ ሲያሾፉባትም በሆዷ ደስ ይላት ነበር።

ሦስተኛው ዱላ የጋትደትን ቅንድብ ሰነጠቀው። ደም ዓይኑን ሲሞላው ዱላውን ጣለና በዳበሳ የዳክን እጅ ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። እጅ በእጅ ነው፤ ሳጥኑ ግን ጭጭ። ዳክ እጁን መንጭቆ አራተኛውን አሳረፈበት።

ጭብጨባው የቆመው ጋትደት ሲወድቅ ነው። ጓደኞቹ መድረኩ ላይ ዘለሉ፣ ድንጋይ ተወረወረ፣ ወንበር በሰው ራስ ላይ ተሰበረ። የዳክም ከንፈር ተተረተረ። ፖሊስ እስኪገላግል ኛፑዎት ሳጥኗን አቅፋ ጠረጴዛ ሥር ተኮራመተች። እዚያው፣ ከመምህር ረታ ፒንሳ አጠገብ፣ የዳክን አምባር አገኘችው። አልተበጠሰም። እሷ ጠምዝዛ ያሰረችው ሦስት ዙር አንድ በአንድ ተፈቷል።

ባለፈው ዓርብ ጋትደት ድልድዩ ላይ ሰው እያየ ዳክን በጥፊ መትቶት ነበር። ዳክ ግን ይቅር ብዬዋለሁ ብሎ ነበር፤ እሷም አምናው ነበር። ለካ አምባሩን ፈትቶ መድረክ ላይ የወጣው ሊጨብጠው አልነበረም።

በማግስቱ የጋትደት ዓይን ይትረፍ አይትረፍ ሐኪሞቹ እንደማያውቁ ተሰማ። ጥፋቱ ሁሉ መምህር ረታ ላይ እንደተደፈደፈም ተሰማ። ዳክን ቤት በር ላይ አገኘችው።

«ሽቦሽ ነዘረኝ፣ እጄን አሳተኝ ብያቸዋለሁ» አላት።

«ሳታስረው?»

ያበጠ ከንፈሩን ነካካ። «ወንድምሽ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ።

እናታቸውም ያንኑ አለች። መምህሩ ሌላ ትምህርት ቤት ያገኛል፣ ዳክ ከተባረረ ግን ማን ይቀበለዋል ብላ ለመነቻት። እናቷ እውነቷን ነበር።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ስትጠራ መምህር ረታ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሥራው የኔ ነው፣ ልጅቷ የምታውቀው ነገር የለም እያለ ነበር። ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ።

«የሚነዝር ነገር ሰው ላይ ታስሪያለሽ?» አላት ዳይሬክተሩ።

«አይነዝርም። ሁለት የሬዲዮ ድንጋይ ነው ያለው።»

«ታዲያ ልጁን ምን ነካው?»

በሩን ዞር ብላ አየችው፤ አሁንም ወጥታ መሄድ ትችላለች።

«የማውቀውን እናገራለሁ» አለች። «ግን ዳክ ይጠራ። እሱ በሌለበት አልናገርም።»

ዘበኛው ተላከ። ዳክ ገብቶ እሷን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። ኛፑዎት አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳብ አደረገችለት፤ እስኪቀመጥም ጠብቃ ስለተፈታው አምባር መናገር ጀመረች።