የመጨረሻዋ እኔ ነኝ

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ሕልም አይደለም፣ ከሰው የሰማሁትም አይደለም። እናቴ "ተይው፣ ሰው ምን ይላል" ብላኛለች። ሰው ያለውን ይበል። እኔ ግን እጽፈዋለሁ።

ቀኑ እሁድ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ጨለማ የለም፣ ጭጋግ የለም... ፀሐይዋ አናት የምትበሳ ነበረች። ቦታው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ኮረብታና ጫካ አቋርጦ በሐይቅ አጠገብ የሚያልፍ የጠጠር መንገድ ነው።

"በጠራራ ፀሐይ ምን ያስፈራል?" የምትሉ ካላችሁ... እኔም እንደዛ ነበር የምለው።

እሁድ እሁድ በገጠር መንገድ ብስክሌት የምንነዳ ሰዎች ነን። መሪያችን መካኒክ ነው። ብስክሌት የሚጠግንበት ሱቅ ከኔ ልብስ ስፌት ጋር ግድግዳ ይጋራል። የሱ ቅባት ጨርቄን ያበላሽብኛል፣ የኔ ክር ማርሹ ላይ ይጠመጠምበታል፤ ስንነታረክ እንውላለን። ቅዳሜ ዕለት ቀድሞ ይሄድና እኔ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ያዘጋጀሁለትን ቢጫ ጥብጣብ በየመታጠፊያው ያስራል። እሁድ ሁሉም ጥብጣቡን እያየ ይነዳል። ጥብጣብ ካለ ማንም መንገድ አይጠይቅም።

የኔ ሥራ ከሁሉም ኋላ መንዳት ነው። ጥብጣቡን እየፈታሁ እሰበስባለሁ። የደከመውን፣ ጎማው የተነፈሰበትን ከፊቴ አድርጌ አመጣለሁ። "ጠራጊዋ" ይሉኛል። ይሳቁ፤ እኔ ባለሁበት ቀን ግን ጫካ ውስጥ የቀረ ሰው የለም።

አንድ ልማድ አለን። ዳገት በወጣን ቁጥር መካኒኩ ከፊት ሆኖ "የመጨረሻው ማነው?" ብሎ ይጣራል። እኔ ከኋላ "የመጨረሻዋ እኔ ነኝ!" እላለሁ። ይህን ሲሰማ ነው መንገድ የሚቀጥለው። ከኔ በኋላ ሰው የለም ማለት ነው።

የዛን ቀን ታናሽ እህቴ አብራን ነበረች። ሳንባዋን ታማ ስንት ወር ተኝታ ነው የከረመችው። እናታችን ገና አልጠናችም ብላ በር ላይ ቆመችብን። እህቴ ደግሞ አልጋ ማየት አንገፍግፏታል። እኔ መሃል ገባሁ። "ከኋላዋ ነኝ። እንደወሰድኳት አመጣታለሁ" አልኩ።

ቃሌ ነው።

ጫካው መሃል ስንደርስ የብስክሌቴ ካቴና ወለቀ። እህቴን ቀስ እያለች እንድትቀጥል፣ እንደምደርስባት ነገርኳት። መታጠፊያውን ዞራ ከዓይኔ ተሰወረች። ካቴናውን መለስኩ፣ እጄን በሳር ጠረግኩ፣ ተከተልኳት...

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረስኩ። ቀኙ ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ የኛ መንገድ እሱ ነው። ግራው ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

ጥብጣቡ የታሰረው በግራ በኩል ነው።

ጠጠሩን አየሁ። የብዙ ጎማ ዱካ ወደ ቀኝ ወጥቷል። አንድ ዱካ ብቻ ለብቻው ወደ ግራ ወርዷል።

የእህቴ ነው።

ጥብጣቡን ልፈታ እጄን ዘረጋሁ። መካኒኩ ለኔ እንዲቀለኝ ብሎ ሁሌም በአንድ ሳብ የሚፈታ ቋጠሮ ነው የሚያስረው። ይሄኛው በጥፍርም የሚፈታ አይደለም። ደግሞ እርጥብ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጠብታ ዝናብ አልጣለም።

ጨመቅኩት... በጣቶቼ መሃል ቀዝቃዛ ውሃ ወረደ።

እህቴን ተጣራሁ።

ያኔ ከኮረብታው በኩል የመካኒኩ ጥሪ ከሩቅ መጣ።

"የመጨረሻው ማነው...?"

"የመጨረሻዋ እኔ ነኝ! ጠብቁን!"

ከጀርባዬ፣ አሁን ካለፍኩበት መንገድ... ሌላ ድምፅ መለሰ።

"የመጨረሻዋ እኔ ነኝ።"

አልጮኸም። ዝቅ ብሎ፣ ረጋ ብሎ ነው የተናገረው።

ድምፁ የኔ ነው።

ዞር አልኩ። ዛፍ... ጠጠር... ፀሐይ። ሌላ ምንም የለም።

ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ በለጠብኝ። የኔን ሥራ፣ በኔ ድምፅ? ብስክሌቴን ወደ ግራ አዙሬ ቁልቁለቱን ለቀቅኩት።

በየዛፉ ጥብጣብ አለ። ሁሉም ይንጠባጠባል።

እህቴን ሐይቁ ዳር አገኘኋት። ብስክሌቷ ላይ እንደተቀመጠች ነው፣ የፊት ጎማዋ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ከፊቷ፣ ከውሃው ብቅ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ቢጫ ጥብጣብ... ራቅ ብሎ ሌላ... ደግሞ ሌላ... ወደ ሐይቁ መሃል ይሄዳል።

ሹራቧን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኳት።

"ምን እያደረግሽ ነው?" በሹክሹክታ ነው ያልኳት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

"ቀጥዪ አልሽኝ እኮ።"

"መቼ?"

"አሁን ነዋ። 'ሁሉም አልፈዋል፣ እኔ ከኋላሽ ነኝ' አልሽኝ።"

ይህን ስትል ዓይኗን ከውሃው ላይ አልነቀለችም። ፊቷን ይዤ ወደ ዳገቱ አዞርኩት።

"ከፊቴ ሁኚ። ወደ ኋላ እንዳታዪ።"

"ደክሞኛል።"

"አውቃለሁ። እንወጣለን።"

ብስክሌቶቻችንን እየገፋን ዳገቱን ጀመርን፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ። ትንፋሿ ያፏጫል። በየእርምጃው ስለ እናቴ እያሰብኩ ነበር፤ በር ላይ እንደቆመች የምትጠብቀን ይመስለኛል።

ግማሽ መንገድ ላይ እህቴ ተነጫነጨች።

"ሹራቤን ልቀቂኝ በቃ። እየወጣሁ አይደል እንዴ?"

ሁለቱም እጆቼ የብስክሌቴ መሪ ላይ ነበሩ።

አንድ እጄን አንስቼ ጀርባዋ ላይ አሳረፍኩት። እዛ ጀርባ ላይ የሚያርፍ እጅ ካለ የኔ ይሁን።

ከዛ ከኋላዬ ጠጠር ተንኮሻኮሸ። ጎማ ነው። አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ ይከተለናል...

"ጠብቂኝ... ወደቅኩ... እግሬን..."

የሴት ድምፅ ነው። ይሄኛው ከሁሉም ከበደኝ። ስንቱን ተመልሼ አንስቻለሁ! ሰው ጥዬ ሄጄ አላውቅም። እውነተኛ ሰው ቢሆንስ? ከኛ ውስጥ ሳላያት የቀረች ብትኖርስ? እግሬ ሊቆም ዳዳ።

ሳልዞር ጠየቅኩ።

"ማነሽ?"

ከዛ በጆሮዬ ሥር፣ በገዛ ድምፄ...

"የመጨረሻዋ።"

"አይደለሽም" አልኩ፣ አሁን ጮክ ብዬ። "የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። ከኔ በኋላ ማንም የለም። አንቺም የለሽም!"

የጠጠሩ ድምፅ ቆመ።

እህቴ ደንግጣ ማንን እንደማናግር ጠየቀችኝ። ብስክሌቴን ነው አልኳት፤ ደጋግሞ ካቴና ለሚጥል ብስክሌት ከዚህም በላይ ይገባዋል። ሳቀች። ሳቋን ስሰማ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ኮረብታው አናት ላይ ሁሉም ይጠብቁን ነበር። መካኒኩ ተቆጣ፤ የት እንደገባን ጠየቀ። ጥብጣቡን ተከትለን ነው ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ አንድም አላሰርኩም አለ። በቀኝ በኩል ግን በእጁ አስሮ ነበር። እኔ ስደርስ በቀኝ በኩል ምንም እንዳልነበረ ነገርኩት። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀም። አንዱ ውሃ ይጠጣል፣ ሌላው ሄልሜቱን ያስራል፤ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተዋል።

እኔ ግን ሐይቁን አየሁት። ከዛ ላይ ሆኖ ሙሉው ይታያል።

መሃሉ ላይ ሴት አለች።

እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ናት። ቀስ እያለች ትሄዳለች... አትዋኝም። ትከሻዋ ፔዳል እንደሚመታ ሰው ግራ ቀኝ ይላል። ውሃው አይንቀሳቀስም።

ቆመች። ወደኛ ዞረች። ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ አነሳች።

ጠጠር መንገድ ላይ ከሩቅ ስንተያይ እንዲህ ነው የምናደርገው። "ደህና ነኝ" ማለት ነው። ያየ ሰው እጁን አንስቶ ይመልሳል።

አልመለስኩላትም። የብስክሌቴን መሪ ጨብጬ ትክ ብዬ አየኋት። እህቴን አታገኛትም፣ አልኩ በሆዴ። እኔ እያለሁ አታገኛትም።

ከጎኔ ጠብ... ጠብ... የሚል ነገር ሰማሁ።

እህቴ ሐይቁን እያየች ፈገግ ብላለች። ቀኝ እጇ ወደ ላይ ተነስቷል። ከእጅጌዋ ውሃ ይንጠባጠባል።

ክንዷን ይዤ በሙሉ ኃይሌ ወደ ታች ጎተትኩት።

አልወረደም።

እኔም አልለቀቅኩም።