በፀሐይ የሚያሳየው ፖስታ

«አስራ አንደኛው ፖስታ ቀይ ነው፤ አስራ ሁለተኛው ሰማያዊ» አለች ሌይዲስ፣ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ። «መስኮቱ ጋ ፀሐይ ላይ ይዤ አየሁት። እናቴን!»

ዩራኒ ወረፋ ከምትጠብቅበት አግዳሚ ላይ ቀና ብላ አየቻት። ሌይዲስ የጤና ኬላው ነርስ ልጅ ናት፤ እናቷን ልታግዝ ትገባለች፣ የፖስታዎቹን ሳጥን ማየት አይከብዳትም። ዝናቡ ገና አባርቶ ከወንዙ ላይ እንፋሎት ይነሣል። ከበረንዳው ሲያዩዋቸው ታንኳዎቹ አየር ላይ የሚቀዝፉ ይመስላሉ።

ቀይ ማለት መርፌ ነው፤ በየቀኑ፣ ለሃያ ቀን። ሰማያዊ ማለት አዲሱ ክኒን። የጫካ ዝንብ ከነከሳት ወዲህ የዩራኒ ጉንጭ ላይ ያለው ቁስል አልደርቅ ብሏል። አምና ወንድሟ ኤይደር መርፌውን ተወግቶ ድኗል፤ ግን መቀመጥ አቅቶት ቆሞ ነበር የሚበላው፣ ማታ ማታም ያተኩሰው ነበር። የእሷ የአስራ አምስተኛ ዓመት የልደት በዓል ደግሞ አስራ ሰባት ቀን ነው የቀረው። ቢጫ ቀሚሷ ተሰፍቶ አልቋል። ዐይኗን በጨፈነች ቁጥር የእንጨቱ ማሪምባ ሲመታ፣ ቀሚሱ ሲሽከረከር፣ ሰፈሩ በሙሉ ከእሷ ጋር ቀስ እያለ ሲዞር ይታያታል።

«ወረፋሽ አስራ አንድ ነው» ሌይዲስ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ዊልመርን አሳልፊው፤ ቀዩ ለእሱ ይደርሳል። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ በይ፣ በቃ። ማን ያውቃል?»

ዊልመር ከኋላዋ የተቀመጠው የሰባት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ትከሻ ላይ ተደግፎ እግሩ ላይ ያለውን ቁስል እፍ እፍ ይለዋል።

ዶክተር ኦሬጁዌላ ጠዋት ሁሉንም ሰብስበው ነግረዋቸው ነበር። «የትኛው እንደሚሻል እኔም አላውቅም። እኔ ልምረጥ ብል ክኒኑን አንጀቴን ለሚበሉኝ ለትንንሾቹ ነው የምሰጠው። ያኔ ሲድኑ ያዳናቸው ክኒኑ ይሁን ልጅነታቸው በምን አውቃለሁ? ስለዚህ ዕጣ ይምረጥ፤ በየወረፋችሁ ቀይ ወይም ሰማያዊ ወረቀት ያለበት ፖስታ ይደርሳችኋል።»

«እኔስ አንጀትዎን አልበላም?» ብሎ አንድ ጥርስ የሌለው ዓሣ አስጋሪ ሰውን አስቆ ነበር።

ዊልመር የዩራኒን ቀሚስ ሳብ አደረገ። «መርፌው ያማል እንዴ?»

«ትንሽ።»

«እኔ ክኒን ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል። እማዬን ስጠይቃት ግን ማንም አያውቅም አለች።»

ዩራኒ ቀሚሷን ከእጁ ቀስ ብላ አስለቀቀች። እሷ ታውቃለች። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል እሷና ሌይዲስ ብቻ ያውቃሉ። ምናለ ባልነገረችኝ ስትል ተመኘች።

«አስራ አንድ!» የዶክተሩ ድምፅ ነው።

ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ «ዊልመር ይቅደመኝ» የሚለው ምላሷ ላይ ነበር። ዶክተሩ ፖስታውን ዘርግተው ይጠብቋታል። ቢጫው ቀሚስ አንድ ጊዜ ዐይኗ ላይ ዞረ።

«ዶክተር» አለች። «ፖስታዎቹ በፀሐይ ያሳያሉ።»

ዶክተሩ ፖስታውን መስኮቱ ጋ ወስደው ወደ ብርሃኑ አነሡት። ቀለሙ በወረቀቱ ውስጥ ታየ።

«ማነው ያየው?»

በረንዳው ላይ የመወልወያው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ፀሐይ ካለ ማንም ያያል» አለች ዩራኒ።

ዶክተሩ ተመለከቷት፤ ሌላ ግን አልጠየቁም። ሳጥኑን ዘጉት። «የቀራችሁ ነገ ኑ። አዲስ ዕጣ ይወጣል፤ በየፖስታው ውስጥም ጥቁር ወፍራም ወረቀት ይገባል።»

«ይህን ሁሉ ቀዝፈን መጥተን!» ብሎ ወረፋው አጉረመረመ።

ሌይዲስ ታንኳዎቹ የሚታሰሩበት ደረጃ ላይ ደረሰችባት። ፊቷ ቀልቷል። «አንቺ ጅል! ሰማያዊው እኮ እጅሽ ገብቶ ነበር።»

«የኔ አልነበረም።»

«ነገ ቀይ ቢደርስሽስ? በዓልሽስ?»

ዩራኒ እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። «ያው እወጋለኋ። አንቺ ደግሞ እጄን ትይዣለሽ።»

ሌይዲስ አኩርፋ ወንዙን ታይ ጀመር። አንድ ታንኳ በእንፋሎቱ ውስጥ አለፈ፤ ቀዛፊዋ አልታየችም፣ ዘፈኗ ብቻ ተሰማ።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለች ሌይዲስ።